ከፀጉራም ሽቦ ትንንሽ እንስሳትን መሥራት፦ ከእባብ እስከ ውሻ

ፓይፕ ክሊነር የሚባለው ፀጉራም ሽቦ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ መጀመሪያ የትንባሆ ፒፓ መጥረጊያ ነበር። ዛሬም ለፒፓ የሚሸጠው ከጥጥ የተሠራ፣ ቀጭንና አጠር ያለ ነው፤ እርጥበትና ጥቀርሻ እንዲመጥ እንጂ እንዲያምር አልተሠራም። ለእጅ ሥራ የሚሆነው ሌላው ዓይነት ነው። ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ወይም ናይለን፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከነፀጉሩ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡን ብታዩት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተገምደው ፀጉሩን መሃላቸው ነክሰው ይዘውታል። ሙጫ የለውም፤ ፀጉሩን የያዘው ግምዱ ብቻ ነው።

ጀማሪ የሚቸገርበት ነገር አብዛኛው ከዚህ አሠራር የሚመነጭ ነው። ሽቦው በተቆረጠበት ጫፍ ግምዱ ይላላና ፀጉሩ ይረግፋል። ስለዚህ በቆረጣችሁ ቁጥር ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ በግምዱ አቅጣጫ አንድ ዙር አጥብቁት። አቅጣጫው ከጠፋችሁ ፀጉሩን ተመልከቱ፤ ስታዞሩት እየሳሳ ከሄደ እየፈታችሁት ነውና ወደ ሌላው ጎን አዙሩ። ሽቦው ለስላሳ ብረት ስለሆነ በቀላሉ ይታዘዛል፣ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ ይደነድናል፣ ከዚያ ይሰበራል። አንድ ጊዜ አጥፎ መዘርጋት ምንም አይለው። አራት አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የተባለ የእግር ጉልበት ግን ዛሬ ቢችል ነገ እጅ ላይ ይቀራል። እንስሳ ሠሪ ከማጠፉ በፊት የሚለካውም ለዚህ ነው። ማስመሪያ ሳይዙ መጀመር ቁሳቁስ ማባከን ነው።

ምን ያስፈልጋል

ሽቦ ለመቁረጥ አሮጌ መቀስ ወይም ትንሽ ሽቦ መቁረጫ ያዙ። ጥሩ የጨርቅ መቀስ እዚህ ሥራ ላይ ካዋላችሁት ስለቱ ይጎደጉዳል፣ ከዚያ ወዲያ ጨርቅ አይቆርጥም። ጫፍ ለማጠፍ አፉ ሹል የሆነ ፒንሳ፣ ለመለካት ማስመሪያ፣ ለመጠቅለያ አንድ ተራ እርሳስ፣ ጫፎችን ወደ ውስጥ ለመወሸቅ ደግሞ ስቴኪኒ ይበቃል። ለዓይን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ብሌናቸው የሚንከባለል የፕላስቲክ ዓይኖች ወይም ጥቋቁር ጨሌዎች ይሆናሉ። ጨሌ ስትመርጡ ቀዳዳውን እዩ፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ፀጉሩ ስለሚጨመቅ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፣ 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ግን አያልፍም።

የሽቦ ውፍረት ምርጫ ላይ አንድ ነገር እናክል። ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ወፍራሙ ሽቦ ለዓይን ይማርካል፣ ለትንሽ እንስሳ ግን አይሆንም። ሲታጠፍ ፀጉሩ ፀጉሩን ይውጠዋል፣ ጉልበቱም አንገቱም አይለይም። ከ8 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ እንስሳ 6 ሚሊ ሜትሩ ልክ ነው።

ጫፍን መደበቅ

የተቆረጠ ሽቦ ጫፍ እንደ መርፌ ይወጋል። ሕግ አድርጋችሁ ያዙት፦ ክፍት የሚቀር ጫፍ ሁሉ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ከዚያም በፒንሳ ይጨመቃል። በጣት ብቻ የታጠፈ ጫፍ ትንሽ ቆይቶ ይከፈታል። ከዚህ የሚሻለው ግን ጫፉን ገና ከጅምሩ በሌላ ጥቅል ሥር እንዲቀር አድርጎ መንደፍ ነው፤ ከታች ያለው ውሻ የተነደፈው በዚህ መንገድ ነው። በቀረው ሁሉ ላይ ልኬት ስትሰጡ ይህቺን ግማሽ ሴንቲ ሜትር አትርሱ። ሁለቱም ጫፉ የሚታጠፍ 15 ሴንቲ ሜትር ሽቦ የሚሠራላችሁ 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

እጅ ማፍታቻ፦ እባብ

አንዱን ጫፍ እጠፉና በእርሳሱ ላይ በአውራ ጣት ይዛችሁ ሽቦውን እንደ ሞላ ጠምጥሙ። ተራ እርሳስ ላይ አንድ ዙር 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ሽቦ 8 ዙር ገደማ ይሰጣል። ዙሮቹ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ገላ ይወጣል። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ወደፊት ማንኛውንም ገላ ስትነድፉ ስንት ሽቦ እንደሚፈጅ የምታሰሉባት እሷ ናት።

መጨረሻ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ሳትጠመጥሙ አስቀሩ። ያ ራስ ይሆናል፤ መልሳችሁ አጥፉትና ጫፉን ከጎኑ ባለው ዙር ውስጥ ወሽቁት። ጥቅሉን ከእርሳሱ ስታወጡ በቀጥታ አትጎትቱ፤ እርሳሱን በጥምጥሙ ተቃራኒ እያዞራችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ የውስጡ ፀጉር ተጎትቶ ይላጣል። ከዚያ ሞላውን እየሳባችሁ፣ እዚህ ዘርጋ እዚያ ሰብሰብ አድርጉት። ዙሮቹ እኩል ከሆኑ እባቡ ሞላ ይመስላል፤ አንገቱ ላይ ዘርዘር፣ ሆዱ ላይ ጠበብ ሲል ነው ነፍስ የሚዘራው።

ንብ

ግማሽ ቢጫና ግማሽ ጥቁር ሽቦ (እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር) ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሁለቱንም አብራችሁ በእርሳስ ላይ ጠምጥሙ። መስመሮቹ በራሳቸው ይፈራረቃሉ፤ ከእያንዳንዱ ቀለም 4 ዙር ታገኛላችሁ። ሲጠመጠሙ አንዱ በሌላው ላይ የመውጣት ጠባይ አላቸው። ይህ የሚሆነው ሁለቱ በእኩል ኃይል ካልተሳቡ ነው፤ የላላው ይፈናጠራል። ሁለቱን ሽቦዎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙና በእጃችሁ ፈንታ እርሳሱን አዙሩ።

ከእርሳሱ ካወጣችሁት በኋላ ከሁለቱም ጫፍ ገፍታችሁ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አሳጥሩት፣ የኋላውን የመጨረሻ ዙር ጨምቃችሁ ሾል አድርጉት። ጥቁሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ሳይወሸቅ 4 ሚሊ ሜትር ቢቀር መንደፊያ ይመስላል፤ ለልጅ ከሆነ ግን ይታጠፍ። ለክንፍ 10 ሴንቲ ሜትር ነጭ ሽቦ በሁለት ቀለበት፣ እንደ 8 ቁጥር አድርጋችሁ መሃሉን ጠምዝዙና በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መሃል ከላይ ሸጉጡት። ንብ አራት ክንፍ እንዳላት የሚያውቅ ተመልካች ሊሟገት ይችላል። ሆኖም ስትበር የፊትና የኋላ ክንፎቿ በጥቃቅን መንጠቆዎች ተያይዘው እንደ አንድ ስለሚሆኑ፣ በየጎኑ አንድ አንድ ክንፍ ያላት በራሪ ንብ ስህተት አይደለችም።

ሸረሪት

ሦስት ሽቦ ይበቃል። ሁለቱን ከመሃል ቁረጡና አራት ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ግማሾች አድርጓቸው፤ ስምንቱ እግሮች እነዚህ ናቸው። አራቱን ትይዩ አጋድሙ፣ መሃላቸውን እኩል አድርጉ። ሦስተኛውን ሙሉ ሽቦ ወስዳችሁ ከአንድ ጫፉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ በእግሮቹ መሃል ላይ ሁለት ዙር አጥብቃችሁ እሰሩበት። አጭሩ ጫፍ ወደ ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። አጭሩን እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል ጠቅልላችሁ ራስ፣ ረጅሙን በጣት ጫፍ ላይ ጠምጥማችሁ ትልቁን ሆድ አድርጉት።

ብዙ ሰው እግሮቹን ሆዱ ላይ ይተክላል። ሸረሪት እግሯ የሚወጣው ከፊተኛው የአካል ክፍሏ ነው፣ ትልቁ ሆድ ባዶውን ከኋላ ይንጠለጠላል። ይህን ብቻ ማስተካከል የጉንዳን ዘመድ ከመምሰል ያድናታል።

አሁን እግሮቹን ዘርጉ፤ በየጎኑ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ። ከእያንዳንዱ እግር 2.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ታች ታጥፎ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፣ የመጨረሻው 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተጋድሞ ጠረጴዛውን ይርገጥ። ጫፍ ማጠፊያውን ስትጨምሩበት 7 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። ሸረሪቷ ከተንጋደደች እግሮቹን አንድ በአንድ አታስተካክሉ። ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ ገላዋን በቀስታ ወደ ታች ተጫኑት፤ እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ውሻ፦ አራት እግር የሚቆምበት አጽም

እስካሁን ያየናቸው በሆዳቸው የሚተኙ ወይም ብዙ እግር ያላቸው ናቸው። በአራት እግሩ የሚቆም እንስሳ ግን አጽም ይፈልጋል። ይህን አጽም አንድ ጊዜ የጨበጠ ሰው ድመትም ፈረስም ቀጭኔም ይሠራል፤ የሚለወጠው ልኬቱ ብቻ ነው። አራት ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች አዘጋጁ።

1. የጀርባ አጥንት። አንደኛውን ሽቦ በማስመሪያው ላይ አጋድሙት። ጫፉን 5 ሚሊ ሜትር እጠፉ፤ ከዚያ 4 ሴንቲ ሜትር ጅራት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጀርባ፣ 3 ሴንቲ ሜትር አንገት ለኩ። በጅራቱና በጀርባው መጋጠሚያ ላይ ወደ ላይ እጠፉት፣ በጀርባውና በአንገቱ መጋጠሚያ ላይም እንዲሁ። የሚተርፈው 17.5 ሴንቲ ሜትር ራስ ነው።

2. ራስ። ትርፉን በእርሳስ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥሙና አውጡት። የቀረውን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል በተጠመጠመው ላይ በመስቀለኛ መንገድ አዙራችሁ ጫፉን ወደ ውስጥ ወሽቁት። ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ያልተስተካከለ ኳስ ይወጣል። አለመስተካከሉ አያስጨንቃችሁ፤ አፍንጫና ጆሮ ይሸፍኑታል። ይልቅ ክፍተቶቹን አታጥብቋቸው፤ ጆሮ የሚተከለው እነሱ ውስጥ ነው።

3. እግሮች። ሁለተኛውን ሽቦ ከመሃል ቁረጡ። አንዱን ግማሽ መሃሉን ይዛችሁ ከአንገቱ መጋጠሚያ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ፣ በጀርባ አጥንቱ ላይ አንድ ሙሉ ዙር አጥብቃችሁ ጠምዝዙ። ዙሩ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚበላ በየጎኑ 6 ሴንቲ ሜትር ይንጠለጠላል። ይህን ከመሃሉ ወደ ላይ እጠፉት፣ ጫፉን እስከ ጀርባ አጥንቱ አድርሳችሁ አንጠልጥሉት፣ ሁለቱን ድርብ አንድ ላይ ግማሽ ዙር ጠምዝዟቸው። 3 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ድርብ፣ ከታች ክብ ኮቴ ያለው፣ የሚወጋ ጫፍ የሌለው እግር አገኛችሁ። የኋላ እግሮችንም ከጅራቱ መጋጠሚያ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት በዚሁ መንገድ ትከሉ።

4. ገላ። ሦስተኛውን ሙሉ ሽቦ 1 ሴንቲ ሜትር በጀርባ አጥንቱ ላይ አስተኝታችሁ፣ ከፊት እግሮች ጀምራችሁ በላዩ ላይ ወደ ኋላ ጠቅልሉ። የመጀመሪያው ዙር በፊት እግሮቹ መሃል በመስቀለኛ ይለፍ፤ ይህ ደረት ከመሆኑም በላይ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ይቆልፋቸዋል። ወደ ላይ የተመለሱት የእግር ጫፎች ሁሉ በዚህ ጥቅል ሥር ይግቡ። የሽቦውን መጨረሻ በስቴኪኒ ገፍታችሁ ሆዱ ሥር ደብቁት።

5. ፊት። አራተኛውን ሽቦ 8፣ 7፣ 7 እና 8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። አንደኛውን ባለ 8 እንደ ቀንድ አውጣ ጠቅልሉና 1 ሴንቲ ሜትር ጅራት አስቀሩለት፤ ያችን ራሱ ውስጥ ሰክታችሁ ስትቆለምሟት አፍንጫው ይቀመጣል። ባለ 7ቹን በጠብታ ቅርጽ አጥፋችሁ ጫፎቻቸውን አንድ ላይ ጠምዝዙ፣ ከዚያ በራሱ ክፍተቶች ውስጥ ወሽቋቸው፤ ጆሮዎች ናቸው። የቀረው ባለ 8 አንገቱ ሥር ሦስት ዙር ይጠቀለላል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ አንድ ነጠላ ሽቦ የውሻውን ራስ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ አይቆይም፣ ቀስ በቀስ ያጎነብሳል።

6. ማቆም። የእግሮቹን ኮቴ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት አጥፉ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁሙትና እዩ።

አሁን ከወደቀ፣ በምን በኩል እንደወደቀ ምክንያቱን ይናገራል። በአፍንጫው የሚደፋ ከሆነ ራሱ ከብዷል ወይም አንገቱ ወደ ፊት ተንጋዷል፤ የፊት እግሮችን ወደ ፊት ዘንበል አድርጉ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሳቡ። ወደ ጎን የሚደፋ ከሆነ እግሮቹ ተጠጋግተዋል፤ ከገላው ስፋት ትንሽ በለጥ አድርጋችሁ ክፈቷቸው። አንድ እግር አየር ላይ ከቀረ እሱ አጭር ላይሆን ይችላል፣ ከአጠገቡ ካሉት ሁለት እግሮች አንዱ ረዝሞ ይሆናል። አጭሩን ለማስረዘም ስትጎትቱ ከጀርባው ትነቅሉታላችሁና፣ ረጅሙን ኮቴው ላይ ትንሽ ጨምራችሁ በማጠፍ አሳጥሩ። እግሮቹ በሙሉ እንደ ሸርተቴ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የ3ኛው ደረጃ ነው፤ ዙሩ ላልቷል። ገላውን ፈትቶ ዙሩን በፒንሳ መጨመቅ እንጂ ሙጫ መጨመር አይረዳም።

ከውሻ ወደ ሌላው

ድመት ለመሥራት የሚቸኩል ሰው ጢም ይለጥፋል። ጢም አያስፈልግም። የአፍንጫውን ጥቅል ከ8 ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አሳንሱት፣ ፊቱ ወዲያው ይጠፈጠፋል። ጆሮዎቹን በጠብታ ፋንታ በሦስት ማዕዘን አጥፋችሁ በራሱ አናት ላይ አቁሟቸው። ጅራቱን ከ4 ወደ 7 ሴንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ጫፉን እንደ ጥያቄ ምልክት ቆልምሙት። ለራሱ 14.5 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል፣ ያም ትንሽ ራስ ስለሚሰጥ ለድመት ይስማማል። ለጥንቸል በተቃራኒው ጅራቱን በትንሽ ኳስ ተኩ፣ ጆሮዎቹን 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሽቦ ሥሩ፣ የኋላ እግሮቹን ደግሞ ከሆዱ ሥር አጥፋችሁ አስቀምጡት፤ መቆምም አይጠበቅበትም።

ቀጭኔ ከሁሉም የሚያስቸግረው አንገቱ ስለሆነ የጀርባ አጥንቱን ከሁለት ሽቦ ገምዳችሁ ጀምሩ። አንገት 7፣ ጀርባ 4 ሴንቲ ሜትር፤ እግር ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ድርብ እንዲሆን ለእያንዳንዱ ጥንድ 23 ሴንቲ ሜትር ሽቦ። ጀርባው ወደ ኋላ ተዳፋት ይሁን። ጥቁር ነጠብጣብ በማርከር ማድረግ ይቻላል፣ ነገር ግን ቀለሙ በፀጉሩ ላይ ይሰራጫል፤ ጫፉ ብቻ ነክቶ እንዲነሳ አድርጉ፣ አትጫኑ።

ሁለት እግር ያለው ወፍ የተለየ ነገር ነው። እግሮቹ ሁለት በመሆናቸው መሬት የሚይዘው ጣቱ ነው። ለእያንዳንዱ እግር ከ20 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ጣት 1.5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ድርብ እጥፋት ነው፣ ስለዚህ አራቱ 12 ሴንቲ ሜትር ይፈጃሉ። የቀረው 8 ሴንቲ ሜትር ቅልጥምና ወደ ገላው የሚገባው ክፍል ይሆናል። የኋላዋን ጣት የሚተው ብዙ ነው፣ ወፉም ወደ ኋላ ይንጋለላል። ገላው ከጣቶቹ መሃል በላይ በቀጥታ ካረፈ ያለ ሙጫ ይቆማል።

ዓይንና ሙጫ

ሙጫ የሚያስፈልገው ለዓይን ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ሽቦን ከሽቦ ጋር በሙጫ ማያያዝ ፀጉርን ከፀጉር ጋር ማያያዝ ነው፤ ሽቦዎቹ አይነካኩም፣ ትንሽ ሲሳብ ፀጉሩ ተነቅሎ ይመጣል። መጋጠሚያን ጠምዝዙ፣ ሰክታችሁ ቆልምሙ።

ዓይንም ቢሆን የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ከመለጠፋችሁ በፊት ዓይኑ የሚያርፍበትን ቦታ ፀጉር በመቀስ ጫፍ አሳጥሩት ወይም በስቴኪኒ ከፍታችሁ ሙጫው ሽቦው ድረስ እንዲገባ አድርጉ። ነጭ ኮላ ይይዛል፣ ግን እስኪደርቅ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ እስከዚያ እንስሳውን ፊቱን ወደ ላይ አጋድሙት። በሽጉጥ የሚወጣው ትኩስ ሙጫ በደቂቃ ውስጥ ይይዛል፣ ነገር ግን ብዙ ከተደረገ ፀጉሩን ያጣብቅና ጠንካራ ቦታ ይተዋል። የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ጨሌ ከመረጣችሁ ሙጫም አያስፈልግም፤ ቀጭን ክር ወይም ጥቁር መስፊያ ክር በጨሌዋ አሳልፋችሁ ከራሱ ጥቅል ጋር በኋላ በኩል ቋጥሩት። የዓይኖቹ ቦታ መልክ ይወስናል፦ ዝቅ ብለው ተራርቀው ከተቀመጡ ግልገል ይመስላል፣ ከፍ ብለው ከተጠጋጉ የጎለመሰና ቁጡ።

የተላጠ፣ የተሰበረ፣ የላላ

ፀጉሩ የተጨፈለቀ ቦታ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ከግምዱ ጎን ለጎን ሲቦረሽ አብዛኛው ይነሳል። የተላጠውን ግን የሚመልስ የለም፤ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተመሳሳይ ሽቦ በላዩ ላይ ጠቅልሉበት። የተሰበረ እግርን መልሶ ለመጠምዘዝ አትድከሙ። ከተሰበረው ጎን አዲስ ድርብ እግር ሠርታችሁ ጫፉን በገላው ጥቅል ሥር 2 ሴንቲ ሜትር አስገቡ፣ አሮጌውን ከሥሩ ቁረጡት። የተጣመመ ያልተሠራበት ሽቦ ለማቃናት በጣት መካከል አትጎትቱት፣ ፀጉሩን ታረግፋላችሁ። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳና በጣት ይዛችሁ በቀስታ ብትወጥሩት ይቃናል።

ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እነዚህ እንስሳት መጫወቻ አይደሉም፤ ጨሌና ዓይን ይዋጣል፣ ሽቦም ይወጋል። ድመትና ውሻ በቤት ካለም ከመደርደሪያ ላይ ይቀመጡ፣ ፀጉራም ነገር ማኘክ ይወዳሉና። ፖሊስተር እሳት ሲነካው ቀልጦ ስለሚጣበቅ ከሻማ አጠገብ ለጌጥ አታስቀምጧቸው። ከልጆች ጋር ስትሠሩ ቁረጣውን ትልቅ ሰው አስቀድሞ ይጨርስ፣ የሁሉንም ጫፍ አጥፎ ያቅርብ። የተቆረጠ ጥቃቅን ሽቦ በፍጥነት ይፈናጠራል፣ ወለል ላይም አይታይም፤ ስትቆርጡ ጫፉን በሳህን ወይም በከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ፀጉራም ሽቦ በእጃችሁ ከሌለ

መሥራት ይቻላል። 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ሽቦ 70 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ከመሃል እጠፉት። የሹራብ ክር በ1.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እየቆረጣችሁ በሁለቱ ሽቦዎች መሃል ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። የታጠፈውን ጫፍ ሚስማር ላይ አስገቡ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ ወጥራችሁ አዙሩ። መጀመሪያ ክሩ ይፈስሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አሥር ዙሮች ክሩን በጣት ደግፋችሁ በዝግታ ሂዱ። ክሩ በሁሉም ጎን እንደ ጠርሙስ ብሩሽ ሲበተን አቁሙ፣ ከዚያ ካለፋችሁ ሽቦው ይበጠሳል። ትርፉን በመቀስ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከርክሙት። ይህ ከተገዛው ይልቅ ጠንከር ስለሚል ለቀጭኔ አንገትና ለፈረስ እግር የተሻለ ነው፤ ለንብና ለሸረሪት ግን ይወፍራል።

የተረፈውን ሽቦ በላስቲክ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ መሃሉ ላይ የማይለቅ ወገብ ይወጣበታል። ረጅም ካርቶን ውስጥ አጋድማችሁ፣ ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት። ዝገት የሚጀምረው ከተቆረጠው ጫፍ ነው፣ ቡናማ ቀለሙም ነጭና ቢጫ ፀጉር ላይ ቶሎ ይታያል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑ ቁርጥራጮችን አትጣሉ፤ የድመት አፍንጫም ሆነ የላጣ መሸፈኛ የሚወጣው ከእነሱ ነው።